በቤት የተሠራን የኮምፒውተር ኬዝ እስከ ፍጻሜው ማድረስ፦ ዝርዝር መመሪያ

ከዋንዛ ጣውላ፣ ከኮምፔንሳቶ ወይም ከላሜራ የራሱን የኮምፒውተር ኬዝ መሥራት የጀመረ ሰው ሥራው የሚቆምበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሣጥኑ ቆሟል፣ ማዘርቦርዱም (ዋናው የኮምፒውተሩ ሰሌዳ) ውስጡ ተቀምጦ ይሠራል፤ ክዳኑ ግን አልገጠመም፣ ፋኖቹ በሽቦ ታስረዋል፣ ማብሪያው በጎን በኩል ተንጠልጥሏል። ማሽኑ እየሠራ ስለሆነ ቀሪውን የሚያጣድፍ ነገር የለም፤ ስለዚህም ሥራው ከወር ወደ ወር ይተላለፋል። ይህ መመሪያ የሚነሣው ከዚያ ነጥብ ነው። ሣጥኑ እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚያያዝ አይናገርም፤ የቆመውን ሣጥን ሳያሳስብ የሚዘጋ፣ ሲነካ የማይነዝርና ሙቀቱን የሚያስወጣ ኬዝ ማድረግ ግን ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

በዚህ ምዕራፍ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። ማጠናቀቅ ሲባል ብዙ ሰው ቀለም መቀባት ይመስለዋል፤ ቀለም ግን የሚመጣው ከሥራው መካከል ነው። ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት ማንኛውም ቀዳዳ ተበስቶ ማለቅ አለበት፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ደግሞ የኧርዝ ግንኙነት (የኬዙን ብረት ከመሬት ጋር የሚያያይዘው የመከላከያ መስመር)፣ የአየር መንገድና ሙከራ ይቀራሉ። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው የተቀባውን እንደገና መፋቅ ወይም የብረት ብናኝ በማዘርቦርድ ላይ ማርገፍ ይደርስበታል።

ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከሰሜን ሸዋ ሁኔታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ስትሆን፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ በዚያው አስፋልት ቁልቁል የሚወርድ ሰው ግን በ1,300 ሜትር አካባቢ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይገባል። ይህ ልዩነት ቀለሙ በሚደርቅበት ጊዜም ሆነ ፋኑ በሚያንቀሳቅሰው አየር ላይ በግልጽ ይታያል።

ደረቅ ገጠማ

በቅድሚያ ኬዙ ውስጥ የሚገባው ዕቃ በሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ኬብል ድረስ፣ ያለ ቀለም በቦታው ይግጠም። ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየለኩ ይገጥማሉ ብሎ መተው አይበቃም፤ ችግሩ የሚገለጠው ሁሉም በአንድ ላይ ሲገቡና ክዳኑ ሲዘጋ ነው።

መነሻ የሚሆኑት ልኬቶች የታወቁ ናቸው። ከተለመዱት የማዘርቦርድ መደበኛ መጠኖች ሙሉ ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ እስከ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) 150 ሚሊ ሜትር ስፋትና 86 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ ርዝመቱ ግን ከ140 ሚሊ ሜትር ጀምሮ እንደ ጉልበቱ ስለሚጨምር የያዙትን ራሱን መለካት ያስፈልጋል። ከማዘርቦርዱ በስተኋላ የዩኤስቢና የድምፅ መሰኪያዎች የሚወጡበት መስኮት 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የካርድ ማስገቢያዎቹ እርስ በርስ በ20.32 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ቦርዱን ከሳህኑ ከፍ አድርገው የሚይዙት የነሐስ መቆሚያዎች ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት አላቸው። የሚገቡትም ቦርዱ ላይ ቀዳዳ ባለበት ትይዩ ብቻ ነው፤ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቀረ አንድ መቆሚያ ከቦርዱ ሥር ሾርት ሊፈጥር ይችላል።

እነዚህን ልኬቶች በሴጌቶና በሞረድ በትክክል ማውጣት እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከኮምፒውተር ጥገና ቤት የተጣለ አሮጌ ኬዝ ይፈልጉና ማዘርቦርዱ የሚያርፍበትን ሳህንና የኋላውን ገጽ ቆርጠው በእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ይግጠሙ። መስኮቱም፣ የካርድ ማስገቢያውም፣ የመቆሚያዎቹ ጥርስም ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ኋላ ለኧርዝ የሚያስፈልገው ብረትም አብሮ ይመጣል። የፊት ማብሪያውንና የመብራቶቹን ገመድም ሳይጥሉ ያስቀምጡት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ አንዳንድ አምራቾች ለቢሮ የሚሠሯቸው ማሽኖች የራሳቸው የሆነ ልኬት ስላላቸው፣ ከመቁረጥዎ በፊት ማዘርቦርድዎን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ቀዳዳዎቹ መገጣጠማቸውን ያረጋግጡ።

የኋላው ገጽ ከወፍራም እንጨት ከሆነ ሌላ ችግር ይመጣል። ጣውላው 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማዘርቦርዱ መሰኪያዎች ከእንጨቱ ውስጥ ጠልቀው ይቀራሉ፤ የዩኤስቢው ገመድ የገባ ይመስላል፣ ፕላስቲክ እጀታው ግን ከእንጨቱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ኪቦርዱ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ይጠፋል የሚል አቤቱታ ከዚህ ሊነሣ ይችላል። መፍትሔው በመሰኪያዎቹ ትይዩ ያለውን እንጨት በሰፊው ቆርጦ አውጥቶ፣ ክፍተቱን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ መዝጋት ነው።

ክዳኑን ሲዘጉ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቁመት፣ የግራፊክስ ካርዱ ርዝመትና የኬብሎቹ መታጠፊያ ይፈተናሉ። ለግራፊክስ ካርዱ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ከካርዱ ጠርዝ ውጭ ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ ገመዱን አስጨንቆ ማጠፍ የመሰኪያውን ብረት ያላላል፣ የላላ ብረት ደግሞ ይግላል። የሚጎድለውን ቀዳዳ፣ የሚሞረደውን ጠርዝና የሚረዝመውን ገመድ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ላይ እየጻፉ እዚያው ጉድለቱ ባለበት ቦታ ይለጥፉ። ሁሉም ከተፈተሸ በኋላ ዕቃዎቹን አውጥተው፣ ኬዙን ከሚሠሩበት ክፍል ውጭ፣ በካርቶን ያስቀምጡ።

ቀዳዳና ጠርዝ

አሁን በየፕላስተሩ የተጻፈው ሥራ በሙሉ ይሠራል። ለ120 ሚሊ ሜትር ፋን የአራቱ ብሎኖች ርቀት ከመካከል እስከ መካከል 105 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ140 ሚሊ ሜትር ፋን 124.5፣ ለ80 ሚሊ ሜትር ደግሞ 71.5 ሚሊ ሜትር። ንድፉን በወረቀት ላይ አሳትመው ከለጠፉ፣ ፕሪንተሩ ገጹን አሳንሶት ሊሆን ስለሚችል ከመብሳትዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩት።

ላሜራ ሲበሳ ከሥሩ እንጨት ይደገፍ፤ ያለ ድጋፍ የተበሳ ላሜራ ይጎብጣል፣ ቀዳዳውም ሞላላ ይሆናል። በመጀመሪያ በመምቻ ነጥብ ያድርጉ፣ ቀጥሎ በቀጭን ፑንታ ይብሱ፣ ከዚያም ወደሚፈለገው ስፋት ያድርሱት። የኤም 3 (3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ብሎን ጥርስ በላሜራው ላይ ማውጣት ከፈለጉ ቀዳዳው 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ላሜራው ስስ ከሆነ ግን የሚወጣው ጥርስ ጥቂት ስለሚሆን ከኋላ በዳዶና በሮንዴላ ማሰር ይሻላል።

የተቆረጠው የብረት ጠርዝ በሙሉ ይሞረድ። ጣት የሚቆርጥ ጠርዝ የኬብልንም ልባስ ይቆርጣል፤ ፋን ሲንቀጠቀጥ ቀስ በቀስ የተላጠ ገመድ አንድ ቀን ከኬዙ ብረት ጋር ይገናኛል። ኬብል የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ይግባ፤ ከጠፋም ቀጭን የጎማ ቱቦ በርዝመቱ ሰንጥቆ በጠርዙ ላይ ማልበስ ይቻላል።

የዚህ ደረጃ መደምደሚያ ጽዳት ነው። ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው በእያንዳንዱ ጥግና መጋጠሚያ ላይ ያንቀሳቅሱ፤ የተሰበሰበውን ብናኝ ፌስታሉን ገልብጠው ይጥሉታል። አሉሚኒየም በማግኔት ስለማይያዝ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

እንጨቱንና ብረቱን ማዘጋጀት

ዋንዛ ለዚህ ሥራ ከአካባቢው እንጨቶች የተሻለው ነው፤ ለመሥራት ለስላሳ ነው፣ በደንብ ከደረቀ አይጣመምም፣ ቫርኒሽም ያምርበታል። የሐበሻ ጥድ መልኩና ሽታው ይማርካል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ዘይት አንዳንድ ቫርኒሾችን እንዳይደርቁ ስለሚያደርግ፣ ከመቀባቱ በፊት በቲነር በተነከረ ጨርቅ መጠረግና በትንሽ ቦታ መሞከር አለበት። ባሕር ዛፍ ርካሽና በየአጥሩ የሚገኝ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጠማዘዝ ለኬዝ ገጽ አልመክረውም።

ጣውላ እንደ ወቅቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። በነሐሴ ዝናብ እርጥበት ጠጥቶ ወደ ጎን የሰፋ ጣውላ፣ በጥር ደረቅ ብርድ በሚሊ ሜትሮች ሊጠብ ይችላል። ከብረት ሳህን ጋር በሁሉም በኩል ጠብቆ ከታሰረ የሚሄድበት ስለሌለው ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንጨቱን ከብረት የሚያያይዙት ብሎኖች በአንድ በኩል በክብ ቀዳዳ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ከእንጨቱ ዘር አቅጣጫ ጋር በሚሻገር ሞላላ ቀዳዳና በሰፊ ሮንዴላ ይግቡ። ኮምፔንሳቶ ንብርብሮቹ ተሻግረው የተጣበቁ ስለሆነ ይህ ብዙ አያሳስበውም፤ የእሱ ደካማ ጎን ጠርዙ ነው፣ በስቱኮ ተደፍኖ ካልተፋቀ ቀለሙን ያለ ልክ ይጠጣል።

የመፋቁ ሥራ በ80 ወይም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል፤ 180 ይከተላል፤ በ240 ያበቃል። ሁልጊዜ በእንጨቱ ዘር አቅጣጫ ይፋቅ። ከመጨረሻው ፍቀት በፊት ገጹን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉትና ይድረቅ፤ የሚነሣውን ጸጉር በ240ው ካነሡት፣ የመጀመሪያው ቫርኒሽ ሲቀባ ገጹ አይሸክርም።

ላሜራ ከሆነ ዝገቱ ተፋቆ፣ ዘይቱ በቲነር ታጥቦ፣ በባዶ እጅ ሳይነካ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባል።

ቀለም

በደጋው ቀለም የሚበላሸው በእጅ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱም ያበላሸዋል። አብዛኛው የቀለምና የቫርኒሽ ዓይነት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በአግባቡ አይደርቅም፤ በደብረ ብርሃን ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ሙቀቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ማታ በረንዳ ላይ ተቀብቶ ያደረ ክዳን በማግስቱ ጣት ያትምበታል። ስለዚህ በበጋ ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ጤዛው ከደረቀና ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ይቀቡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ አቧራ ሳይመጣ የተቀባውን ወደ ቤት ያስገቡ። ዕቃውን ቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያስፈልግም፤ ላይኛው ገጽ ቀድሞ ደርቆ የውስጡ ማቅጠኛ መውጫ ሲያጣ ቀለሙ ይነፋል። በሐምሌና በነሐሴ በላከር የሚቀባ ሰው ደግሞ እርጥበቱ ከቀለሙ ጋር ተይዞ ነጣ ያለ ግርዶሽ ሲያጠላበት ያያል። ያን ጊዜ ዝናቡ ጋብ የሚልበትን ደረቅ ቀን መጠበቅ እንጂ ወፍራም አድርጎ መደረብ አያድነውም።

ከመቀባቱ በፊት ብረት ከብረት ጋር የሚገናኝባቸው ቦታዎች ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈኑ፦ የማዘርቦርዱ መቆሚያዎች ሥር፣ ፓወር ሰፕላዩ በብሎን የሚታሰርበት ገጽ፣ ሳህኑና የኋላው ላሜራ የሚገናኙበት ጠርዝ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ እነዚህ ቦታዎች ከተቀቡ የሚቀጥለው ምዕራፍ ሥራ ከንቱ ይሆናል። የተጠረቡት ጥርሶች ውስጥ ቀለም እንዳይገባ አሮጌ ብሎን ለጊዜው ያስገቡባቸው።

አንድ ወፍራም ቅብ ከማድረግ ሦስት ስስ ቅቦች ይሻላሉ፤ በየቅቡ መካከል በ320 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርገው ይፈቁትና ብናኙን ይጥረጉ። ሲነኩት የደረቀ ቀለም ጠንክሯል ማለት አይደለም። የዘይት ቀለም ከሆነ፣ በተለይ በብርድ ወራት፣ ዕቃ ከመግጠምዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይስጡት፤ ገና የሚሸት ኬዝ ውስጥ ኮምፒውተር አይገባም።

ኧርዝ

የእንጨት ኬዝ ከፋብሪካው ኬዝ የሚለይበት ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካው ኬዝ ፓወር ሰፕላዩ ከብረቱ ጋር በብሎን ስለሚታሰር፣ በኬብሉ በኩል የሚመጣው የኧርዝ መስመር መላውን የኬዝ አካል ይይዛል። በእንጨት ሣጥን ግን እያንዳንዱ ብረት ለብቻው ተነጥሎ ይቀራል፤ አንድ ገመድ ተልጦ ከፊት ካለው ጌጥ ወይም ከብረት ማብሪያ ጋር ቢገናኝ ፊውዝ የሚያቃጥል መመለሻ መንገድ ስለማይኖር፣ ብረቱ የሰው እጅ እስኪነካው ይጠብቃል።

ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ባልተቀባ ላሜራ ላይ በአራቱም ብሎኖቹ ይታሰር፤ ያ ላሜራ ከማዘርቦርዱ ሳህን ጋር፣ ሳህኑም ከማንኛውም በእጅ ሊነካ ከሚችል ብረት ጋር በገመድ ይያያዝ። ገመዱ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው፣ ቢያንስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጫፉ በቀለበት መያዣ ተጠቅጥቆ በብሎን የታሰረ ይሁን። በብሎኑ ራስና በብረቱ መካከል ጥርስ ያለው ሮንዴላ ከገባ የቀረውን ስስ ቀለም ወይም ዝገት ሰንጥቆ ብረቱን ይይዛል።

ፈተናው ቀላል ነው። ኬብሉ ከግድግዳው ሶኬት ተነቅሎ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ግን እንደተሰካ፣ ቴስተሩን ወደ ኦም ይመልሱት። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተው የራሳቸውን ንባብ ይመልከቱ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በኬብሉ መሰኪያ ጎን ካለው የኧርዝ ብረት ላይ፣ ሌላውን በተራ በተራ በእያንዳንዱ የኬዙ ብረት ላይ ያድርጉ። ንባቡ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት፤ የሚዋዥቅ ከሆነ የላላ ብሎን ወይም ያልተፋቀ ቀለም አለ።

የኬዙ ሥራ የተሟላ ሆኖ ሳለ ብረቱ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ጥፋቱ ከቤቱ መስመር ሊሆን ይችላል። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከሁለቱ መስመሮች ወደ ኧርዝ የተዘረጉ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ እነዚህ የኬዙን ብረት በ220ው ግማሽ፣ ማለትም በ110 ቮልት አካባቢ ያንጠለጥሉታል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ በመሆኑ መንዘር ብቻ ይሰማል፤ ሆኖም «ትንሽ ነው የሚነዝረው» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም፣ ምክንያቱም መንዘሩ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ የሚከላከል ምንም ነገር እንደሌለ ይነግራል። ሶኬቱን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይለካው፤ በፌዙ (ኃይል በሚመጣበት መስመር) እና በኧርዙ መካከል 220 አካባቢ፣ በኑል (በመመለሻው መስመር) እና በኧርዙ መካከል ደግሞ ከጥቂት ቮልት ያልበለጠ ሊታይ ይገባል። በሶኬቱ ውስጥ ኑልን ከኧርዝ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት አንዳንዴ እንደ መላ ይቆጠራል። ይህ ገዳይ አሠራር ነው፤ ኑሉ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ኬዙ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ትንሽ ጉዳይ አለ፦ እንጨት የኮምፒውተሩን የሬዲዮ ሞገድ አያግድም፤ አጠገቡ ያለ ሬዲዮ ቢንጫጫ ከዚያ ነው። የኬዙን ውስጠኛ ገጽ ከኧርዝ ጋር በተያያዘ ስስ ላሜራ መሸፈን ይረዳል። የአሉሚኒየም ወረቀት አልመክርም፤ ማጣበቂያው ሲለቅ በማዘርቦርዱ ላይ ይወድቃል።

የአየር መንገድ

ፋን የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በደጋም በቆላም ያው ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ በኬዙ ውስጥ ሲያልፍ 15 ዲግሪ የሚጨምር አየር፣ በዚያው ፋንና በዚያው ጭነት እዚህ ወደ 20 ዲግሪ ይጨምራል። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ይህን ያካክሰዋል፤ ስለዚህም በከተማው ውስጥ ችግሩ አይታይም። ማሽኑ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አጣዬ ሲወርድ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፤ የክፍሉ ሙቀት ግን ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ለደጋው በልክ የተሠራ የአየር መግቢያ አይበቃውም። ኬዙ ወዴት እንደሚሄድ ካልታወቀ ለቆላው አስበው ይሥሩት።

ለአንድ ተራ ማሽን ከፊት ሁለት 120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚያስገቡ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ይበቃሉ። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ስለሚገፋ አቧራ በማጣሪያው በኩል ብቻ ይገባል። የፋኑ አቅጣጫ ካልታወቀ ጀርባውን ይመልከቱ፤ ሞተሩን የሚይዙት የፕላስቲክ እጆች ባሉበት በኩል ነፋሱ ይወጣል። ለማጣሪያ የተወጠረ ስስ ናይለን ስቶኪንግ ይሆናል፤ በቀላሉ ወጥቶ የሚታጠብ ይሁን። ምጣድ በሚጣድበትና ኩበት በሚነድበት ቤት ውስጥ ጥቀርሻው ቅባት ስላለው በማቀዝቀዣው ክንፎች ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በብሩሽ ብቻም አይለቅም። እዚያ ማጣሪያ ከጌጥ ሁሉ ይቀድማል።

የጌጥ ነገር ከተነሣ፣ በመግቢያው ላይ የሚቀረጹ ሐረጎችና መስቀሎች ሲያምሩ አየሩን እንዳይዘጉ ያስፈልጋል። የተቀረጸው ገጽ ክፍት ቦታው ቢያንስ ግማሽ ያህል ካልሆነ ፋኑ ይጮኻል እንጂ አይስብም። ከኬዙ ሥር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር የሚያነሣ እግር ይኑር።

ስለ ሃርድ ዲስክም አንድ ነጥብ ማስታወስ ይገባል። በሚሽከረከር ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ራስ ከገጹ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾችም የሥራ ከፍታውን 3,048 ሜትር ላይ ይወስኑታል። ደብረ ብርሃን ከዚህ በታች ናት፤ መሐል ሜዳን የመሰሉ ከ3,000 ሜትር በላይ ያሉ የመንዝ ከተሞች ግን ከወሰኑ ጫፍ ላይ ናቸው። ለእነዚያ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) መግጠም ጥያቄ የለውም።

የመጨረሻው ገጠማ

በበጋ ደረቅ ብርድ የሰው ልብስ የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማል፤ ሱፍ ደግሞ በተለይ። በርኖስ፣ ባና ወይም የሱፍ ሹራብ አውልቀው፣ ምንጣፍ በሌለበት ወለል ላይ፣ ከኧርዝ ጋር የተያያዘውን የኬዙን ብረት እየደጋገሙ እየነኩ ይሥሩ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የኋላው መስኮት ሽፋን፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው የተገጠሙበት ማዘርቦርድ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላይ፣ ፋኖች፣ ዲስክ፣ በመጨረሻ ግራፊክስ ካርድ። ብሎኖቹን በሙሉ በጣት ካስገቡ በኋላ በአንጻር እየተሻገሩ ያጥብቁ።

የፊት ገመዶች ሰውን ያደናግራሉ። በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ባለ 9 እግሩ መሰኪያ ሲቆጠር፣ 1 እና 3 የዲስኩ መብራት፣ 2 እና 4 የኃይል መብራት፣ 5 እና 7 ዳግም ማስነሻ፣ 6 እና 8 ማብሪያ ናቸው፤ 10ኛው እግር የለም፣ አቅጣጫውም በዚያ ይታወቃል። የመብራቶቹ አዎንታዊ ጫፍ በ1 እና በ2 ላይ ይገባል፤ ቢገለበጥ መብራቱ አይበራም እንጂ አይቃጠልም። ማብሪያው ሲለቁት የሚመለስ ዓይነት መሆን አለበት። ተጭኖ የሚቀር የግድግዳ ማብሪያ ከተገጠመ ማሽኑ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ ብዙ ሰው ይህን የፓወር ሰፕላይ ብልሽት አድርጎ ይወስደዋል።

ማብራትና መፈተሽ

ክዳኑን ሳይዘጉ ያብሩ። ፋኖቹ መዞራቸውን፣ ኬብል የሚነካ አለመኖሩን፣ የሚሸት ነገር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ከዚያ ወደ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብተው የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የፋኖቹን ፍጥነት ያንብቡ። ማሽኑ ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቀ ክፍል ገና የገባ ከሆነ ግን፣ በብረቱ ላይ የሚያርፈው ጤዛ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ኬዙ ራሱ ይፈተናል። ክዳኑ ተከፍቶ ማሽኑን ለአንድ ሰዓት በከባድ ሥራ ያሠሩትና የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ይመዝግቡ። ክዳኑን ዘግተው በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሥራ፣ ለሌላ አንድ ሰዓት ይድገሙት። ልዩነቱ እስከ 5 ዲግሪ ከሆነ የአየር መንገዱ ደህና ነው፤ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፋን ከመጨመር በፊት ማጣሪያውን አንሥተው ይሞክሩ። ማጣሪያው ሲነሣ ሙቀቱ ከወረደ መግቢያው ጠቧል፤ ካልወረደ የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ወደ ፊት ፋኖች እየተመለሰ ነው፣ ይህም በመካከል በሚገባ የካርቶን ግርዶሽ ሊፈተሽ ይችላል። ክዳኑ ከተንቀጠቀጠ በመጋጠሚያው ላይ ስስ ጎማ ወይም የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ ይለጠፍ፤ የኧርዝ ብረቶቹ በሚገናኙበት ቦታ ግን አይሁን።

የመጀመሪያው ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ክዳኑን ይክፈቱና እንጨቱን የያዙትን ብሎኖች ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፣ የኧርዙን ንባብም በቴስተር ይድገሙት፤ ጣውላው ሰፍቶ ሲመለስ የሚላላው መጀመሪያ እነዚያ ናቸው።